የሞተረኛው አዲስ ክላክስ

«አንድ ሰው ነበረ፤ ሞተረኛ» አሉ ሽማግሌው መምህር፣ ጥያቄውን ከሰሙ በኋላ።

ጥያቄው የጎረቤታቸው የአናጢው የይትባረክ ነበር። ይትባረክ በልጅነቱ የእሳቸው ተማሪ ነው። ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ሆኖ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ መጣና ደጃቸው ካለው አግዳሚ ላይ ዘጭ አለ። የአሥር ዓመት ልጁ ከዘይቱን ዛፍ ላይ ወድቃ ክንዷ ተሰብሮ ኖሮ ሦስት ቀን ሙሉ ደብቃዋለች። ክንዷን በነጠላ ሸፍና፣ ትኩሳት እያነደዳት፣ «ምንም አልሆንኩም» ስትል ከርማ በአራተኛው ቀን ራሷን ስታ ወደቀች። ሐኪሙ አንድ ቀን ቢያድር ኖሮ ክንዷ አይተርፍም ነበር ብሎታል። አሁን በጀሶ ታስሮላት ቤት ተኝታለች፤ አባቷ ሲገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

«መምህር፣ ዛፍ ላይ አትውጪ ብዬ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮኬባታለሁ» ነበር ያለው። «ጠዋት እጮሃለሁ፣ ከሥራ ስገባ እጮሃለሁ። ከዚህ በላይ እንዴት ልጩህ? ልጄ ለምን አትሰማኝም?»

መምህሩ ምክር ሲጠየቁ ይደክማቸዋል። አርባ ዓመት መክረው ስንቱ እንደሰማቸው ያውቁታል። ስለዚህ ምክሩን ትተው ወሬውን ቀጠሉ፤ እንዲህም አሉ፦

ይህ ሞተረኛ ከጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚያመላልስ ነበር። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሳጥኑን ከኋላው አስሮ ተራራውን ይወጣና ላይ ያሉትን መንደሮች ያዳርሳል። ቤቶቹ ከመንገድ የራቁ ናቸው፤ ገደሉን ተከትለው የተሠሩ፣ ሞተር የማይደርስባቸው። ስለዚህ ልማድ አበጁ። እሱ መንገድ ዳር ይቆምና ክላክሱን ሁለቴ ነካ ነካ ያደርጋታል፤ ጢጥ፣ ጢጥ። በተራራው ጸጥታ ትንሽ ድምፅም ሩቅ ይደርሳል፤ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ያቺን ሲሰማ የያዘውን ጥሎ ይወጣል። እንግዲህ ክላክስ ካልናት ነው! ጉንፋን የያዛት ጫጩት የምታህል ድምፅ ነበራት። ልጆቹ ሰውየውን በስሙ አይጠሩትም፤ «ጢጥ መጣ! ጢጥ መጣ!» እያሉ ነው ወደ መንገዱ የሚሮጡት። እሱ ይስቃል፤ ከቁም ነገር ግን አልቆጠረውም።

መከራው ከተማ ላይ ነበር። ገበያ ቀን ከሆነ አህያው አይለቅለት፣ ጋሪው አይለቅለት፣ ታክሲው ገፍቶት ያልፋል። ጢጥ ሲያደርግ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። አንድ ቀን አንዲት ጎመን ሻጭ «ወይ ጉድ! ይቺም ክላክስ ሆና!» ብላ በሰው ፊት ሳቀችበት። ዋጥ አደረጋት። እንዲህ እየዋጠ ስድስት ዓመት ሄደ። የሰው ሆድ ደግሞ እንደ ጎተራ ነው፣ ይሞላል።

አንድ ጠዋት የጭነት መኪና ከኋላው መጣና ጠርዝ ጠርዙን አስይዞ ቦይ ውስጥ ጨመረው። ሞተሩ ተጋደመ፣ ግማሹ መድኃኒት ጭቃ ጠጣ። «ጢጥ ብዬ ነበር እኮ!» አለ ሰውየው ከጭቃው እየተነሣ። ለማን ይናገራል? ሹፌሩ አልፎ ሄዷል፤ መንገዱ ላይ ሰው መኖሩንም አላወቀም። ሞተረኛውን ከመውደቁ ይልቅ ያንገበገበው ይኸ ነው። ደከመው። የደከመው ሰው ደግሞ ጆሮ አይጨምርም፤ አፍ ነው የሚጨምረው።

በቀጥታ መካኒክ ዘንድ ሄደ። «የጭነት መኪና ክላክስ ግጠምልኝ።»

መካኒኩ ሳቀ። «ሞተር ላይ? አንተ ሰው፣ ደህና ነህ? ከሞተሩም ካንተም ይበልጣል እኮ!»

«ግጠም አልኩህ! ሰው እንዲሰማኝ ነው የምፈልገው።»

መካኒኩ ምን ቸገረው! ባትሪ ቀየረለት፣ ወፍራም ሽቦ ዘረጋለት፣ ትልቁን ክላክስ ከፊት መብራቱ ሥር በብሎን አሰረለት። አሮጌዋን ጥግ ወረወራት፤ በማግሥቱ ቁራሌው ከሌላው ቁርጥራጭ ጋር ሰብስቦ ወሰዳት።

ሞተረኛው አዲሱን መጀመሪያ የነፋው ገበያ መሃል ነው። አቤት! አህያው ደነበረ፣ ጋሪው ጥግ ያዘ፣ ያቺ ጎመን ሻጭ ጎመኗን በትና ዘለለች። ገበያው ለሁለት ተከፈለና እሱ በመሃሉ ቀጥ ብሎ አለፈ። ደስ አለው። አልዋሽህም ይትባረክ፣ እኔም ብሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ተራራውን ወጣ። የመጀመሪያው መንደር ደርሶ ነፋ። ገደሉ መልሶ ጮኸ። የመጣ ሰው ግን የለም። ደግሞ ነፋ። አንድ በር ጓ ብሎ ተዘጋ። «ለቅሶ ቢኖርባቸው ነው» አለና አለፈ። ሁለተኛውም መንደር እንዲሁ።

በሦስተኛው መንደር ሁለት እህትማማቾች ይኖሩ ነበር። ታናሽየዋ የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቷን ከዋጠች ደህና ናት፤ ትፈትላለች፣ ትስቃለች፣ ታላቋን ታበሽቃለች። ካቋረጠች ይጥላታል፤ የት ላይ እንደሚጥላት ደግሞ የሚያውቀው አንድ እግዜር ነው። ስለዚህ ታላቂቱ ያችን ጢጥ ስትጠብቅ ጆሮዋን አቅንታ ነው የምትውለው። በስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ቀርታ አታውቅም ነበር። ያን ቀን ቀረች።

ሞተረኛው ነፋ፣ ጠበቀ፣ ነፋ። ከዚያ ተናደደ። «ያኔ በጫጩት ድምፅ ስጠራቸው ይሰሙኝ የነበሩ ሰዎች፣ ዛሬ ተራራው እየተንቀጠቀጠ አልሰማንም ሊሉኝ ነው? ይኸማ ንቀት ነው! ቤታቸው ድረስ ስለመጣሁላቸው ረከስኩባቸው» አለ። ቤታቸው ድረስስ ሄዶ አያውቅም፤ ሲናደድ ግን እንዲያ መሰለው። ሳጥኑን ዘግቶ ተመለሰ።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ይበልጥ ነፋ። ሰውም ይበልጥ ጠፋ። ያልታደለውን መድኃኒት ለጤና ጣቢያው መልሶ «ሕዝቡ ለራሱ ጤና ግድ የለውም» ብሎ አመለከተ። በከተማ ሲያስጮህ፣ በተራራ ሲያስጮህ ውሎ ቤቱ ሲገባ የገዛ ጆሮው ይጮህበት ጀመር። ድካሙ ይቀልለኛል ብሎ ነበር ያስገጠመው፤ ባሰበት እንጂ መች ቀለለው።

በሦስተኛው ጉዞ እህትማማቾቹ መንደር ሲደርስ አውራ ጣቱ እስኪዝል ነፋና መልስ ሲያጣ ሞተሩን አጠፋ። «ዛሬስ ወርጄ ልክ ልካቸውን ነው የምነግራቸው» ብሎ ሳጥኑን በትከሻው አደረገና ጥርጊያውን ይዞ ቁልቁል ወረደ። ግማሽ ሰዓት ሄደ። ጠጠሩ እያንሸራተተው፣ ልቡ እየፈላ፣ የሚናገረውን እያጠና ደረሰ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። አንኳኳ።

ታላቂቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ስታየው አፏን በእጇ ያዘች። «አንተ! አለህ እንዴ? የት ጠፋህ? እኛ እኮ ሞቷል ብለን እርማችንን አውጥተናል!»

«እኔ ነኝ የጠፋሁት? እትዬ፣ እናንተ ሰዎች ጆሮ የላችሁም? አሁን ስነፋ አልነበረም?»

«አሁን የነፋው የጭነት መኪናው ነው።»

«የምን የጭነት መኪና?»

«አሸዋ የሚያግዘው ነዋ፤ አምና መንገድ ዳር ስትግጥ የጎረቤታችንን ላም የገደለው! ድምፁን ስንሰማ ከብቱንም ሰውንም ሰብስበን እንገባለን። እሷ ደግሞ ድንጋጤ አትችልም፤ ጆሮዋን ደፍኜ በሩን እቀረቅራለሁ። ሰሞኑን መመላለስ አበዛ፣ እግዜር ይይለት። ያንተን ጢጥ ግን ስንጠብቅ፣ ስንጠብቅ…» አለችና እንባዋ ቀደማት።

ሞተረኛው በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየ። ታናሽየዋ መደቡ ላይ ተኝታለች፤ አንድ እግሯ እስከ ጉልበቷ በጨርቅ ተጠቅልሏል። መድኃኒቷ ካለቀ ወር ሊሞላ ነው። ያለፈው እሑድ ብቻዋን ሳለች ጥሏት እግሯ ምድጃው ውስጥ ገብቶ ነበር የተገኘችው። ሰውየውን ስታየው ቀና አለች።

«ጢጥ፣ መጣህ?» አለችው።

ያ ሁሉ ያጠናው ንግግር ከአፉ ጠፋ። የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ከተማው ባይሰማውም እነዚህ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲሰሙት ኖረዋል። የሚሰሙትን ነው ያባረረው። በሩ ተዘግቶ የነበረው በሱ ላይ ነው፤ ያስዘጋውም እሱ ነው።

መድኃኒቱን ሰጣት። ቁስሏ ሐኪም ካላየው እንደሚከፋ ሲያይ በጀርባው አዘላትና ያን ዳገት አወጣት። ሞተሩ ጋ ሲደርስ ታላቂቱ ከኋላ እንድትደግፋት አድርጎ አስቀመጣቸው። ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ከሳጥኑ ፒንሳ አወጣና የክላክሱን ሽቦ ቆረጠው። ያን ቀን ገበያውን ያለምንም ክላክስ ነው ያቋረጡት፤ ሲዘጋበት ይቆማል፣ «እባካችሁ፣ በሽተኛ ይዣለሁ» ይላል፣ ደግሞ ትንሽ ይሄዳል። እግሯ ዳነ፤ ጠባሳው ግን አለ።

ነገሩ እዚህ ያለቀ ይመስልሃል። አላለቀም። መካኒኩን «አሮጌዋን መልስልኝ» ቢለው «ቁራሌው ወስዷታል፤ እስካሁን ድስት ሆናለች» አለው። ሌላ ትንሽ ክላክስ ገዛ፤ ድምፅዋ ግን ያችኛዋን አልሆነም። መንደር ደርሶ ቢነካት «ይኼ ደግሞ ማነው?» ተባለ። ስለዚህ በየመንደሩ ሞተሩን እያጠፋ፣ ሳጥኑን እየተሸከመ፣ በየደጁ ቆሞ «እኔ ነኝ፤ ጢጥ ነኝ» እያለ ዞረ። የአንድ ቀን ሥራ ሦስት ቀን ፈጀበት። እግሩ አበጠ። ሰኔ የጀመረው መስቀል ሲደርስ ነው ከሩቅ አንዲት ሕፃን «ጢጥ መጣ!» ስትል የሰማው። አንዲት ብቻ። ዛሬም ቢሆን የማይወጡ ቤቶች አሉ። እዚያ በእግሩ ይወርዳል።

መምህሩ እዚህ ሲደርሱ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ወደ ይትባረክ ዞሩ።

«ሞተረኛው አንተ ነህ፤ ይህን ሳልነግርህ ታውቀዋለህ። ደንበኛው ይገፋሃል፣ አሠሪው ይገፋሃል፣ ውጭ የሚሰማህ የለም፤ ደክሞሃል። አልፈርድብህም። አርባ ዓመት ክፍል ውስጥ ስጮህ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ባንተም ላይ ጮኬያለሁ፣ ይቅር በለኝ። ግን አንተ ለጭነት መኪናው ብለህ ያስገጠምከውን ክላክስ ይዘህ ቤትህ ገባህ። ልጄ ለምን አትሰማኝም አልከኝ። ሰምታሃለች እንጂ! ሰምታ ነው የደበቀችህ።»

ይትባረክ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ትንሽ ሳለች» አለ፣ «ደጅ ደርሼ ስስል ሮጣ ትወጣ ነበር። ሳሌን ታውቀው ነበር።»

«አየህ።»

«አሁንስ ብስል ትወጣለች?»

«አትወጣም» አሉ መምህሩ። «ዛሬ አትወጣም፤ ነገም ላትወጣ ትችላለች። ሽቦ በአንድ ቀን ይቆረጣል፤ ያባረርከው ሰው ግን በአንድ ቀን አይመለስልህም። ካልወጣች አንተ ትገባለህ። አጠገቧ ትቀመጥና ‹እኔ ነኝ› ትላታለህ። ፊቷን ብታዞርም በማግሥቱ ትደግማለህ። ሂድ በል፤ እኔም ደክሞኛል።»

ይትባረክ ተነሥቶ ሄደ። ቤቱ ከመምህሩ ቤት ሦስተኛው ነው፤ ሽማግሌው ከተቀመጡበት ሆነው ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ሰውየው በሩ ላይ ደርሶ አንድ ጊዜ ሳለ።

የወጣ ሰው አልነበረም። እሱም አልጮኸም። ጥቂት ቆሞ ቀስ ብሎ ገባ።