ሳፋው ካለ ሰውየው አለ

አንድ ሰው ነበረ፣ ተራ መጠበቅ የማይወድ። እንደሱ ብለሽ ጀምሪ፣ ትርሲት።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «አክስቴ፣ ማሽኑ ጨርሶ ቆሞ ባለቤቱ ካልመጣ፣ ልብሱን አውጥቼ የኔን ባስገባ ምን አለበት?» ነው ያልሽኝ። መቼ ገብተሽ አጠገቤ እንደተቀመጥሽ እንኳ አላየሁሽም፤ ድምፅሽን ስሰማ ነው ክው ያልኩት። ለማንኛውም የሕንፃው ኮሚቴም የልብስ ማጠቢያው ክፍል በር ላይ የሚለጠፍ ነገር አዘጋጂልን ካለኝ ሳምንቱ ነው። እኔ ደሞ ደንብ ማውጣት አላውቅበትም፣ የእጅ ጽሑፌም ለራሴ አይነበበኝም። የማውቀው ይሄን ነው። አንቺም መልስሽን ታገኛለሽ፣ በሩም ወረቀቱን ያገኛል። ጻፊ።

ሰውየው የሚኖረው እንደኛ ያለ ሕንፃ ላይ ነው፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከሚስቱና ከአንዲት ትንሽ ልጁ ጋር። ውሃ ወደ ላይ ስለማይወጣ ቤቱ ውስጥ ማሽን ያለው ሰው የለም። ምድር ላይ አንድ ክፍል አለ፣ ሁለት የጋራ ማሽን ያለበት፤ አንዱ እንደተበላሸ ነው የሚኖረው፣ ስለዚህ አንድ በይው። ውሃ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ታዲያ ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ሳፋውን ይዞ ይወርድና በሰልፍ ደርድሮት ይመለሳል። ማን ቆሞ ይውላል? ሽንኩርት የሚልጠው ይልጣል፣ ልጁን የሚያጥበው ያጥባል፣ ሳፋው ይቆምለታል። «ሳፋው ካለ ሰውየው አለ» ብሎ የመጀመሪያው ኮሚቴ በቀይ እስክሪብቶ ጽፎ ለጥፎ ነበር። ማሽኑ ሲጨርስ ባለቤቱ ካልደረሰ ደግሞ፣ ተረኛው እጁን ታጥቦ ልብሱን ያወጣና በባለቤቱ ሳፋ ውስጥ ያደርግለታል። ይሸፍንለታል። ወጥቶ በሩን ያንኳኳለታል። በቃ፣ ይሄው ነው። ምን ከባድ ነገር አለው?

ከሰልፉ መጨረሻ አንድ አረንጓዴ የቆርቆሮ ሳፋ ነበረ። ጠርዙ ዝጓል። ውስጡ አንድ የወንድ ሸሚዝ አለ፣ ኮሌታው የቆሸሸ። የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ዘበኛውን ሲጠይቁት «እኔ ስቀጠርም ነበረ» ይላል። ክፍሉን የሚጠርጉት ሴቶች ዙሪያውን ይጠርጋሉ እንጂ አያነሱትም። የመጣው ሁሉ ደግሞ ሳፋውን ከዛኛው ፊት ነው የሚያስቀምጠው፣ አስቦበት አይደለም፣ እንዲሁ እጁ ወደዛ ስለሚሄድ ነው። ይሄን ሳፋ አትርሺው።

አንድ ቅዳሜ ሰውየው ሲወርድ ሰባተኛ ሆነ። ስድስት ሳፋ ከፊቱ ተደርድሯል፣ ሰው ግን የለም። ቀትር ነው፣ ፀሐይዋ አናት ላይ፣ ግቢው ጭር ብሏል። ደረጃውን አዳመጠ። ኮቴ የለም። ሳፋውን በእግሩ ገፋ፣ ገፋ፣ ገፋ አደረገና አንደኛ አቆመው።

ማሽኑ ጨርሶ ቆሟል፣ ውስጡ ግን ልብስ አለ። የአንዲት ባልቴት ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በከዘራ የሚሄዱ። ነጭ በነጭ፣ ነጠላ፣ ቀሚስ፣ ሻሽ። ሰውየው በሩን ከፍቶ ጎተተና ሲሚንቶው ላይ ዘረገፈው። ሲሚንቶው ላይ የስንቱ ጫማ ጭቃ አለ። የሴትየዋ ሳፋ እኮ አንድ ክንድ አይርቅም። አንድ ክንድ! የራሱን ከተተ፣ ቁልፉን ተጫነ፣ ወጥቶ ደረጃው ስር ሲጋራውን ለኮሰ።

ባልቴቷ ቆይተው ወረዱ። ሰውየውን አላዩትም። ነጠላቸውን ከጭቃው አነሱት፣ አራገፉት፣ አዩት። አልጮሁም፣ አልተራገሙም። ሌላ ሴት ብትሆን፣ እኔ ብሆን፣ ሕንፃው ባንድ እግሩ ይቆም ነበር። እሳቸው ግን ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው፣ «ለካ የለሁም» አሉ። «ለካ እኔ የለሁም።» ከዛ ሰብስበው ወጡ።

ሰውየው በአፍንጫው ሳቀ።

በማግስቱ ዳቦ ሊገዛ ሄደ። ተራው ደረሰና እጁን ዘረጋ። ሻጯ በትከሻው ላይ አሻግራ አየችና «እሺ የኔ እመቤት፣ ስንት ልስጥሽ?» አለች ከኋላው ያለችውን።

«እኔ ነኝ የቀደምኩት» አላት።

«ውይ፣ ይቅርታ፣ አላየሁህም» አለች። ያጋጥማል፣ አይደል? እሱም ያጋጥማል አለ።

ሰኞ ታክሲ ውስጥ ገብቶ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!» ይላል። ሞልቷል እኮ። አንዲት ደንዳና ሴትዮ ዘንቢላቸውን ይዘው ገቡና ሄደው እሱ ላይ ቁጭ አሉ። ጭኑ ላይ! «ኡኡቴ! ወንበሩ ይሞቃል!» አሉ፣ ወዲያ ወዲህ ብለው ተመቻቹ። ሰውየው ከስራቸው ሆኖ ይጮሃል፣ ሴትየዋ ስለ በርበሬ ያወራሉ። ሳቂ፣ ግዴለም፣ እኔም ይሄን ስሰማ ስቄያለሁ። ሰውየው ግን የዛን ቀን አልሳቀም።

ማክሰኞ ቢሮ ገብቶ የሚያናግረው ጠፋ። ረቡዕ ዘበኛው እያየው በሩን ዘጋበት። እያየው ነው የምልሽ። ዓይን ለዓይን ተያይተው፣ ዘበኛው አዛጋና ቁልፉን አዞረ።

ሐሙስ ከሰዓት ቤቱ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ቤተሰባችሁን ሣሉ ተብላ ከፊቱ ተቀምጣ ትሥላለች። ጉልበቷ ጉልበቱን ይነካዋል። እናቷ መጥታ ጎንበስ አለች።

«እስቲ ልየው። ይሄ ማነው?»

«እኔ። ይሄ ደሞ አንቺ።»

«መሃል ያለውስ?»

«የአባባ ሸሚዝ።»

እውነትም ሸሚዝ ነው። ገመድ ላይ ተሰጥቷል፣ ትከሻና ትከሻው ላይ መቆንጠጫ አለ፣ እጅጌው ወደ ታች ተንጠልጥሏል። አንገት የለው፣ ራስ የለው።

«አባባስ ታዲያ?» አለች እናት።

ልጅቱ እርሳሷን ነክሳ አሰበች። «እማዬ፣ አባባ ምን ይመስል ነበር?» አለች።

እናት ልትነግራት አፏን ከፈተች። ከፍታ ቀረች። ጠፍቶባታል።

«አለሁ!» ብሎ ጮኸ ሰውየው። «ይሄው አለሁ እኮ!» ሚስቱ ተነስታ መስኮቱን ዘጋች። «ነፋሱ» አለች።

የሰው ልጅ ስንት ነገር ይችላል፣ የልጁን ዓይን ግን እንዴት ይቻለው? ሌሊቱን ሳይተኛ አነጋ፣ አርብንም እንደዛው። አንድ ነገር ብቻ ታየው፤ ሸሚዙን አይታዋለች። ልጄ ሸሚዙን አይታዋለች። ያንን የሣለችውን ነጭ ሸሚዜን አጥቤ፣ አንጥቼ፣ ለብሼ ፊቷ ብቆም ታየኛለች አለ። ተስፋው ያ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የወረደው እሱ ነው። ሳፋውን አስቀመጠ። አንዷ መጣችና የሷን ከሱ ፊት አስቀመጠች። ሌላዋም። ሌላውም። ክፋት የለባቸውም፣ ባዶ ቦታ ላይ የሚያስቀምጡ ነው የሚመስላቸው። እያየ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ መጨረሻ ላይ ከዛ ከአረንጓዴው ሳፋ ጋር ጎን ለጎን ሆነ። እዛው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ።

ያኔ ነው ወደ ሳፋው ውስጥ ያየው። አረፋ አለው። ትኩስ አረፋ፣ ችስ ችስ እያለ የሚከስም፣ አሁን፣ ገና አሁን ሰው እጁን ያወጣበት የሚመስል። ማንም ዓመት ሙሉ ያልነካው ሳፋ! ዳርና ዳሩን አየ። ማንም የለም። የሱም ሳፋ ጎን እኮ ማንም የለም፣ ላየው ሰው።

ገባው። ይሄኛውም ተራ ጠባቂ ነው። እዚሁ አጠገቡ ቆሟል፣ ስንት ዓመት እንደቆመ እግዜር ይወቀው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰው ሁሉ አጥቦ ወጣ። ማሽኑ ውስጥ የቀረው የባልቴቷ ልብስ ነው፣ ያው ነጩ። ጨርሶ ቆመ። እሳቸው የሉም። የግቢው የውሃ ታንከር በጎኑ ሲታይ የቀረው ውሃ አንድ ዙር ብቻ ነው። ከዛ እስከሚመጣው ቅዳሜ ጠብታ የለም። እስከዛ ደግሞ ልጅቱ ሸሚዙንም ልትረሳው ነው።

እዚህ ጋ ቀስ ብለሽ ጻፊ።

ሰውየው ተነሳ። እጁን ታጠበ። የማሽኑን በር ከፈተና ነጠላውን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ አውጥቶ በሴትየዋ ሳፋ ውስጥ አደረገ። ቀሚሱን አደረገ። ሻሹን አደረገ። በላስቲክ ሸፈነው። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ አንኳኳ። ባልቴቷ ከፍተው በሱ ውስጥ አሻግረው ደረጃውን አዩና ዘጉት። ደግሞ አንኳኳ። ደግሞ ከፈቱ፣ ደግሞ ዘጉት። ወረደ።

አሁን ተራው የሱ ነው። የራሱን ነጭ ሸሚዝ አነሳ፣ ማሽኑ አፍ ድረስ አደረሰው። እዛ ላይ ቆመ። ከዛ መልሶ አስቀመጠውና ጎንበስ ብሎ ከአረንጓዴው ሳፋ ያንን የማያውቀውን ሰው ሸሚዝ አወጣ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ አንተ ቀድመኸኛል» አለ። አስገባውና ቁልፉን ተጫነ። የመጨረሻው ውሃ እየተንዠቀዠቀ ገባ።

ቁጭ ብሎ የባልቴቷን ሳፋ ከዝንብ ሲጠብቅ ከዘራ ሰማ። ጧ፣ ጧ፣ እያለ ይወርዳል። «ሁለት ጊዜ በሬ ተንኳኳ፣ ሰው የለም» ይላሉ ለራሳቸው። ገቡ። ማሽኑ ይዞራል፣ ሰው የለም። ላስቲኩን ገለጡት፣ ነጠላውን ዳበሱት፣ ንጹሕ ነው። ቀና አሉና ሰውየው ወዳለበት፣ ፀሐይ እንደሚያይ ሰው ዓይናቸውን አጥብበው አዩ።

«አለህ አይደል?» አሉ።

ሰውየው ከሲሚንቶው ተነሳ። «አለሁ፣ እማማ» አለ በመከራ። «ባለፈው ልብስዎን የጣልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። የሲጋራህ ሽታ ነበረ።» እጁን ያዙት፣ ጫን አድርገው፣ እውነተኛ እጅ መሆኑን እንደሚፈትሽ ሰው። «በል ሳፋዬን ያዝልኝ፣ አለሁ ካልክ ሥራ።»

አብረው አሰጡ። ነጠላውን፣ ቀሚሱን፣ ከዛ ሸሚዙን። «ይሄ ያንተ ነው?» አሉት። «አይደለም። ከፊቴ ተራ የያዘ ሰው ሸሚዝ ነው» አላቸው። ሳፋውን ሊያነሱ ዞር ብለው ሲመለሱ ሸሚዙ ገመዱ ላይ የለም። ነፋስ የለም፣ ሰው አላለፈም፣ መቆንጠጫው ብቻ ይወዛወዛል።

ቤቱ ሲገባ ልጁ ሮጣ መጣች። «አባባ፣ የት ነበርክ?» ሥዕሏን አምጥታ ሸሚዙ ላይ አንገት ሠራች፣ ራስ ሠራች፣ ጆሮው ትንሽ በዛ እንጂ እሱኑ ነው። ትከሻው ላይ ያሉትን መቆንጠጫዎች ግን አላጠፋቻቸውም። እሱም አጥፊ አላላትም።

በተከታዩ ቅዳሜ አረንጓዴው ሳፋ ውስጥ ሸሚዙ ተመልሶ ነበር። ኮሌታው ቆሽሿል። ሳምንቱን ሙሉ ሲለብሰው ከርሟል ማለት ነው። ሰውየውም የራሱን ሳፋ ከኋላው አስቀመጠ።

እንግዲህ ትርሲት፣ ምሳሌው ያንቺ ነው። «ባለቤቱ ካልመጣ» አልሽኝ። ያቺ ማሽን ውስጥ ያለው ልብስ እኮ ሰው ነው፣ ቆሞ የሚጠብቅሽ። አውጪው፣ ማን ከለከለሽ? ማውጣቱ ነውር የለውም። በሳፋው አድርጊው፣ ሸፍኚው፣ በሩን አንኳኪ። ያልመጣውን ሰው «የለም» ያልሽ ቀን ግን አንቺም ሌላ ቦታ ተራሽን ትለቂያለሽ፣ ሳይታወቅሽ። የሰውየው ነገር ይሄ ነው፤ አንድን ሰው «የለም» አለ፣ እሱ ጠፋ። «አለ» ብሎ የአንድ የማይታይ ሰው ተራ ጠበቀ፣ ተገኘ። የኮሚቴው ወረቀት እዚህ ጋ ያበቃል።

ይሄኛውን አትጻፊ። ወረቀቱን አምጪው እስቲ። እይ፣ ዳር ዳሩ ረጥቧል፣ ቀለሙ ፈሷል። እጅሽ ነው። የሰው ልብስ ባወጣ ምን አለበት ብለሽ የጠየቅሽኝ ሲሚንቶው ላይ ጥለሽው መጥተሽ ነው አይደል?

በሩ ሲከፈት አልሰማሁም፣ ስትቀመጪም አላየሁሽም። ዓይኔ ደክሞ ነው ብዬ ነበር። ዓይኔ ግን ዛሬ ጠዋት እንኳ መርፌ ውስጥ ክር አስገብቷል።

ተነሺ፣ ውረጂ። የማንም ይሁን፣ ከሲሚንቶው አንሺው፣ ደግመሽ እጠቢው፣ በሩን አንኳኪ፣ እስኪከፈት። ስትመለሺ ደሞ ከበሩ ጀምረሽ ጮክ ብለሽ ጥሪኝ። ላይሽ እፈልጋለሁ።