ጉልቤው ላፕቶፕ ዳንቴል የለበሰ ዕለት

ልናገር ነው፤ የሚሰማ ይጠጋ፣ የማይሰማ ወንበሩን ለሚሰማ ይልቀቅ።

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ ግን ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ መብራት መምጣትና መጥፋት ከጀመረ በኋላ፣ ዕቃም መናገር ከማቆሙ በፊት ነው። በአንዲት ከተማ፣ ከመናኸሪያው በላይ ባለ ሰፈር፣ አቶ ይርዳው የሚባሉ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ይኖሩ ነበር። ሚስታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ዳንቴል ይሠራሉ። ልጃቸው ዳምጠው ሠርግ ይቀርጻል፤ የቀረጸውንም ቆርጦ ቀጥሎ ፊልም ያደርጋል።

የዳምጠው እህት ልትዳር ሳምንት ሲቀራት አቶ ይርዳው በር ላይ አምፖል ሊሰቅሉ መሰላል ወጡ። የወጡት በመሰላሉ ነበር፤ የወረዱት ግን ያለ መሰላሉ ነው። እግራቸው ጄሶ ገባ። እሑድ ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ አዳራሽ ሲሄድ እሳቸው አልጋ ላይ ቀሩ። በአዳራሹ በእሳቸው ቦታ ሙሽሮቹን እንዲመርቁ ታላቅ ወንድማቸውን አቶ ገድሉን ላኩ። ምርቃቱን ቃል በቃል አስጠኗቸው፤ ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። አቶ ገድሉ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ የተላኩትን በልኩ አድርሰው አያውቁም። ስለዚህ አቶ ይርዳው ልጃቸውን ጠርተው አንድ ነገር ለመኑት።

"ማክሰኞ መልስ ነው። ሙሽሮቹም አማቾቹም እዚህ ይመጣሉ። ያን ዕለት ፊልሙን አሳየኝ። ገድሉ ያልኩትን ማለቱን በጆሮዬ ልስማ።"

ዳምጠው ቃል ገባ። ቃል ከገባ በኋላ ግን አሮጌ ላፕቶፑን አየና ሐሳብ ያዘው። አሮጌው ዘጠኝ ዓመት አገልግሏል። አንዲት ፊደሉ ወልቃለች፤ ባትሪው ግን አምና ተቀይሮለታል። የአንድ ሠርግ ፊልም ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ዳምጠው ሁለት ቀን እንጂ ሁለት ሳምንት አልነበረውም። ስለዚህ ሞተር ብስክሌቱን ሸጦ ለጌም የተሠራ ጉልቤ ላፕቶፕ ገዛ። ሻጩም እስከ ረቡዕ ሞክሮ ካልተስማማው እንዲመልሰው ፈቀደለት።

አዲሱ ላፕቶፕ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የቤቱ ነባሮች እንደ አማች ሊመረምሩት ተነሡ። አሮጌው ላፕቶፕ ከመደርደሪያው፣ የመብራት ማከፋፈያው ከወለሉ፣ ድመቷ ከመስኮቱ ሆነው ጠየቁት።

"ሥራህ ምንድን ነው?" አለ አሮጌው።

"ጌም ነው" አለ ጉልቤው። "ጦርነት፣ ኳስ፣ የመኪና ውድድር፤ ሁሉንም እንደ እውነት አድርጌ አሳያለሁ። ፊልም ለእኔ መክሰስ ነው። አንተ በሁለት ሳምንት የምትጨርሰውን እኔ በሦስት ሰዓት እጨርሳለሁ።"

አሮጌው አልተቆጣም። "እኔ ብሆን ይህን ፊልም የማደርሰው ሙሽራዋ ልጅ ወልዳ ክርስትና ስታስነሣ ነበር" አለ። "ይህ ይያዝልህ።"

"ቀለብህስ?" አለ ማከፋፈያው። "ቻርጀርህን አየሁት፤ ጡብ መስሎኝ ነበር።"

"ገመድ ላይ ስሆን የሚችለኝ የለም። ያለ ገመድ ግን ከአንድ ሰዓት ብዙም አልዘልቅም።"

"እዚህ ሰፈር መብራት እንግዳ ነው፤ ሳይሰናበት ይሄዳል" አለ ማከፋፈያው። "ይህ ደግሞ ይያዝብህ።"

"የማይስማማህስ?" አለች ድመቷ።

ጉልቤው ዝም አለ። የማይስማማው ነገር ነበር። ሲሠራ ይግላል፣ ሲግል አየር ይፈልጋል፣ አየሩንም የሚስበው ከሆዱ ሥር ነው። ሆዱ ከተደፈነ አለቀለት። ይህን ግን ፊደል በወለቀበት ሽማግሌ ፊት መናገር አሳፈረው።

"የማይስማማኝ የለም" አለ።

ድመቷ ዓይኗን ጨፈነች። ሙቀት ከሩቅ ይሸታታል።

ሰኞ ጠዋት ዳምጠው ሥራ ጀመረ። ጉልቤውም ያለውን ሁሉ ፈጸመ። አሮጌው አንዲት ትዕይንት ለመክፈት ሲያቃስት የሚያረፍድበትን እሱ በቅጽበት እየከፈተ፣ እየቆረጠ፣ እየቀጠለ ሄደ። ከምሳ በፊት ፊልሙ ተሰክቶ አለቀ፤ የቀረው አንድ ፋይል ሆኖ ተቋጥሮ መውጣቱ ብቻ ነበር። ነገር ግን ሥራው በከበደ ቁጥር ማራገቢያው ይጮኻል። አቶ ይርዳው ከአልጋቸው ሆነው ለረጅም ጊዜ ታገሡ፤ ከዚያ ልጃቸውን ጠሩ።

"ዳምጠው፣ ይሄ ነገር የሚነሣ ከሆነ ንገረኝና ቀበቶዬን ልሰር።"

ከምሳ በኋላ ዳምጠው ፊልሙን እንዲቋጥር ጉልቤውን አዘዘው። ሦስት ሰዓት ይፈጅ ነበር። እሱም ለእናቱ እንዳይነካ ብሎ ነግሮ፣ ለመልሱ ወንበር ሊያመጣ ወደ ዕድሩ ቤት ሄደ።

ይህን ጊዜ ድመቷ ታጥቦ ሶፋው ክንድ ላይ ወደተጣጠፈው የቴሌቪዥኑ ዳንቴል ጠጋ አለች።

"ቴሌቪዥኑን ማን አለበሰው?" አለችው።

"እኔ ነኛ" አለ ዳንቴሉ።

"ሬዲዮኑንስ?"

"የእኔው ታናሽ ወንድም።"

"ከሁሉ የሚበልጠው ዕቃ ታዲያ ለምን ራቁቱን ተቀመጠ?"

ዳንቴሉ ይህን ሲሰማ ነገሩ ከነከነው። ከሶፋው ክንድ ተንሸራቶ ወይዘሮ አትጠገብ እግር ሥር ወደቀ። ወይዘሮ አትጠገብም አነሡት፤ አንሥተውም ዙሪያቸውን አዩ። ጠረጴዛው ለነገ ሳሕን ይፈለጋል። ልጃቸው ሞተሩን የሸጠለት ዕቃ ደግሞ አቧራ ላይ ተጥዷል። ጉልቤውን እንደ ሕፃን ከነገመዱ አቅፈው ወደ ሶፋው ወሰዱት፤ የቤቱን ለስላሳ ትራስ መርጠው በላዩ አስቀመጡት፤ ዳንቴሉንም አለበሱት። በዓይናቸው ለክተው ዳርና ዳሩን ካስተካከሉ በኋላ ወደ ጓዳ ሄዱ። ድመቷ ወዲያው ዳንቴሉ ላይ ወጥታ ተጠቀለለች።

ጉልቤው ከታች በትራስ፣ ከላይ በዳንቴልና በድመት ተደፈነ። ድምፁ ተለወጠ።

"አንተ ልጅ፣ ምን ሆንክ?" አለ አሮጌው ከመደርደሪያው።

"ደህና ነኝ" አለ ጉልቤው።

ትንሽ ቆይቶ አሮጌው ደግሞ ጠየቀ።

"ደህና… ነኝ።"

ሦስተኛ ሲጠይቅ መልስ አልነበረም። ጉልቤው እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን አጥፍቶ ነበር። የተቋጠረው ሁሉ ተበተነ።

ዳምጠው ወንበሮቹን ጭኖ ሲመለስ ያገኘው የተኛች ድመት ነው። ድመቷን አነሣ፣ ዳንቴሉን አነሣ፣ ላፕቶፑን ነካና እጁን ሰበሰበ። ፊልሙን ቢፈልግ የለም።

"እማዬ፣ እንዳይነካ ብዬሽ አልነበር?"

"ማን ነካው?" አሉ እናቱ። "አለበስኩት እንጂ።"

"ለምን?"

"ነገ አማቾች ይመጣሉ። ራቁቱን ይዩት?"

ዳምጠው ዳንቴሉን ለእናቱ መለሰ። አባቱ አልጋ አጠገብ ቁጭ አለ፤ ዕቃው እንዳልተስማማው፣ ነገ ጠዋት ለሻጩ እንደሚመልሰው፣ ፊልሙም ለመልሱ እንደማይደርስ ነገራቸው። አቶ ይርዳው አልተናደዱም። የጋለውን ላፕቶፕ ተቀብለው ገለበጡና ሆዱ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በጣታቸው ዳሰሱ።

"አየር የሚስበው በዚህ ነው?"

"በዚያ ነው አባባ።"

"ዳገት ላይ የራዲያተሩን አፍ በሸራ ሸፍኖ የሚወጣ ሾፌር አይተህ ታውቃለህ?"

"አላየሁም።"

"እኔም በአርባ ዓመት አላየሁም። እናትህ ግን ዛሬ ወጣች።"

ወይዘሮ አትጠገብ ከጓዳ ሆነው ስሜ ሲነሣ ሰማሁ አሉ። ማንም አልደገመላቸውም።

አቶ ይርዳው ከሠርጉ የተረፉ የለስላሳ ቆርኪዎች አስመጡ። አራቱን ሁለት ሁለት አድርገው ደራርበው በላፕቶፑ የኋላ ጫፍ ሥር አስገቡ፤ ሆዱ ከጠረጴዛው ከፍ አለ። መሰላል ላይ ከወጡ ወዲህ የመጀመሪያ ሥራቸው ስለነበር ሁለት ጊዜ አስተካከሉት። ከዚያም ፊልሙ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁ፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው ተባሉ። ያለ መብራትስ ይሄ ምን ያህል ይሄዳል አሉ፤ አንድ ሰዓት ተባሉ።

"እንግዲያው አንድ ቀለል ያለ ቅጂ አሮጌው ላይ አኑርልኝ" አሉ። "መለዋወጫ ጎማ ሳልይዝ ከከተማ ወጥቼ አላውቅም።"

ሰዎቹ ለራት ሲሄዱ ጉልቤው ቆርኪው ላይ ሆኖ ሲቀዘቅዝ ማከፋፈያው አናገረው። "ጠይቀንህ ነበር" አለው።

"አፍሬ ነው" አለ ጉልቤው። "የምተነፍሰው ከሆዴ ሥር ነው።"

አሮጌው ከመደርደሪያው ሆኖ ረጅም ጊዜ አሰበ፤ እሱ ሲያስብ ሁልጊዜ ረጅም ነው። "እኔ ፊደል ወልቆብኛል" አለ በመጨረሻ። "ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ያችን ፊደል ፈልጎ የሚቆጣኝ የለም።"

ማክሰኞ ጠዋት ጉልቤው ጠረጴዛው ላይ፣ ከግድግዳው ርቆ፣ ያለ ዳንቴል እንደገና መቋጠር ጀመረ። ጮኸ፣ ጋለ፣ ግን አልቆመም። ድመቷ ከጀርባው የሚወጣው ትኩስ አየር ሲነካት አንድ ነገር ገባት፤ ለመሞቅ የግድ ላዩ ላይ መውጣት የለባትም። ከኋላው ተጋደመች። አምስት ሰዓት ላይ ፊልሙ ተቋጥሮ አለቀ። ቀለል ያለው ቅጂም በፍላሽ ወደ አሮጌው ተሻገረ።

ከሰዓት በኋላ ሙሽሮቹ ከነአጀባቸው ገቡ። የአቶ ይርዳው አልጋም ወደ ሳሎን ወጥቶ ቤቱ ሞላ። አቶ ገድሉም መጡና በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ከምሳ በኋላ ጉልቤው ከቴሌቪዥኑ ጋር ተያይዞ ፊልሙ ተጀመረ። ሙሽራዋ ከመኪና ወረደች፤ ካህናቱ ሲዘምሩ ታዩ። እንግዳ ሁሉ ራሱን እየፈለገ ሲስቅ፣ መብራቱ ሳይሰናበት ሄደ። ቴሌቪዥኑ ጠፋ።

ዳምጠው ጉልቤውን ነቅሎ አባቱ ጭን ላይ አደረገው። ፊልሙ ቀጠለ። ሰዉም አልጋውን ከበበ። ማራገቢያው ግን ይጮኻል፤ የካህናቱን ዝማሬ ማን እንደሚዘምረው መለየት አስቸገረ። አቶ ይርዳው እግራቸውን አንቀሳቀሱ።

"ይሄ ነገር ጄሶዬን ሊጋግረው ነው" አሉ።

ቢሆንም አላነሡትም። ወደ አዳራሹ ደረሱ። ኬኩ ተቆረጠ፣ ሚዜዎቹ ጨፈሩ። የባትሪው ምልክት ቀይ ሆነ። አቶ ገድሉ ፊልሙ ውስጥ ማይክ ሊቀበሉ ሲነሡ ታዩ።

ጉልቤው ከመደርደሪያው አሮጌውን ፈለገ። መጀመሪያ አንተ ብሎት ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ቃል አወጣ።

"ጋሼ፣ እኔ እዚህ ድረስ ነኝ" አለ። "ከዚህ በኋላ እርስዎ ይያዙልኝ።"

ይህን ብሎ ጠፋ። ዳምጠው አሮጌውን አውርዶ ከፈተው። አሮጌው እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ነቃ፤ ሰው ሁሉ ጠበቀው። ሥዕሉ እንደ ጉልቤው አልጠራም፤ ሙሽራዋ በትንሹ ደብዘዝ አለች። ነገር ግን አይጮኽም፤ አይግልም። ክፍሉ ጸጥ አለ። የአቶ ገድሉ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ፤ ፊልሙ ውስጥ ያለው ይሁን በሩ አጠገብ ያለው ወዲያው አልታወቀም።

"ትዳራችሁ የተባረከ ይሁን" አሉ የፊልሙ አቶ ገድሉ። "ተደማመጡ። አንዳችሁ ሲደክም ሌላችሁ መሪውን ያዙ።"

አቶ ይርዳው በጣታቸው ቆጠሩ፤ ሦስት። አሮጌውን ላፕቶፕ ጭናቸው ላይ ቀና አደረጉ። አቶ ገድሉ ግን ማይኩን አልመለሱም። ቀጥለው ስለ ራሳቸው ሠርግ፣ ቀጥለው በወጣትነታቸው ስለገዙት በሬ፣ ከዚያም ስለ በሬው ጠባይ አሥራ አንድ ደቂቃ ተናገሩ። ዳምጠው ሊቆርጠው አስቦ ነበር፤ ግን ታላቅ አጎቱ ናቸው።

ሲያልቅ ሰዉ ሁሉ ወደ አልጋው አየ። በሩ አጠገብ ያሉትም ጭምር።

"የእኔዎቹ ሦስቱ አሉ" አሉ አቶ ይርዳው። "በሬው የራሱ ነው።" ሙሽራዋም ሳቋን ይዛ መጥታ የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ ጄሶ የሌለበትን።

ረቡዕ ደረሰ። ዳምጠው ጉልቤውን ወደ ሻጩ አልመለሰውም። ሞተሩ ግን ቀረ፤ እስከ ዛሬ ሠርግ የሚሄደው በባጃጅ ነው፤ ጉልቤውንም ተሸክሞት አይሄድም፤ ከነቻርጀሩ ይከብዳል። ጉልቤው ከጠረጴዛው አይነሣም፤ ሥራውም ጠዋት ነው፤ ከሥሩ አራት ቆርኪ አለ፤ ከኋላው ድመት አለች። አሮጌው ጭን ላይ ይወጣል፣ ደጅ ይሄዳል፣ የፊልሙን ድምፅ ሳይጮኽ ያሰማል። ዳንቴሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ፤ አሁንም ቅር እንዳለው ነው።

እናንተም ጉልበተኛ ዕቃ ቤታችሁ ሲገባ፣ የሚችለውን ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። የማይችለውን ጠይቁት። ዝም ካለ ደግማችሁ ጠይቁት፤ ከዚያም ለመቀመጫው ቦታ ፈልጉ።

ተረቴን እዚሁ አኖርኩ። የፈለገ ያንሣው፣ ለፈለገው ይንገረው፤ ዳንቴል ብቻ እንዳያለብሰው።