በሽማግሌ የተጠየቀው ዋይፋይ

አንድ ጊዜ ከአንድ ትልቅ ተራራ ሥር፣ የስልክ ኔትወርክ የማይደርስበት የእንስሳት መንደር ነበር። ተራራው ስለሚከልላቸው ነዋሪዎቹ ስልክ የሚይዙት ሰዓት ለማየትና ለጌጥ ያህል ነው። ኢንተርኔት ያለው ቤት አንድ ብቻ ሲሆን እሱም የጃርት ጉድጓድ ነበር። ጃርት መቆፈር ሥራው አይደል? ምድር ለምድር ቆፍሮ፣ ከተራራው ማዶ ድረስ ሄዶ፣ መስመሩን ቤቱ አስገባ። ዋይፋዩ ከጉድጓዱ አልፎ እስከ ጎረቤት አጥር ይደርሳል። ፓስወርዱን ለማያውቅ ግን ደረሰ አልደረሰ ያው ነው።

ከጃርት ጋር አጥር ለአጥር የምትጎራበተው እመት አህዪት ነበረች። አንድ ልጇ ቡሌ፣ ገና ጀርባው ጭነት ያለመደ፣ ከጨው ጫኞች ጋር ወደ ቆላ ወርዷል። ሲሄድ «እማዬ፣ ቆላ ኔትወርክ አለ፤ ትልቁን ወንዝ እንደተሻገርኩ መልእክት እልክልሻለሁ፤ አታስቢ» ብሏት ነበር።

አታስቢ ማለት ለእናት ምን ይፈይዳል? ቡሌ በሄደ በጥቂት ቀን ያለወቅቱ ዝናብ መጣ። አህዪት ዝናቡ ጣራዋን ሲደበድብ የምታስበው ስለ ጣራዋ አልነበረም። የደጋ ጎርፍ የሚወርደው ወደዚያው ወደ ቆላው ወንዝ ነው። ሣሩ አልዋጥ አላት፤ እንቅልፍ እምቢ አላት። ስልኳን በአፏ ይዛ ወደ አጥሩ ትጠጋለች፤ ስልኩም የጃርትን ዋይፋይ ያገኝና «ፓስወርድ ያስገቡ» ይላታል። ምኑን ታስገባ?

እንግዲህ ጎረቤት አይደለች፣ ጠይቃ አትገላገልም? ትሉ ይሆናል። አህዪትን አታውቋትም! «ሌላውን ማስቸገር ነውር ነው» የሚለውን ቃል ከእናቷ ወተት ጋር የጠጣች ናት። ለቡሌም ያስተማረችው ይህንኑ ነው። ደግሞስ ማንን ነው የምትጠይቀው? ጃርትን! እሾሁ ከሩቅ የሚታይ፣ ሲስቅ ታይቶ የማያውቅ ጃርትን!

አንድ ጠዋት ጃርት ራሱ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለ።

«እመት አህዪት፣ እንዴት አደርሽ? ከቡሌ ወሬ አለ?»

አሁን ጠይቂው፣ አሁን፣ አለች በሆዷ። አፏ ግን የለመደውን ተናገረ፦ «ደህና፣ እግዜር ይመስገን። ቡሌም ደህና ነው፤ ምን ይሆናል ብለህ ነው።»

«ምነው ፊትሽ ልክ አይደለም? የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ...»

«ኧረ ምንም! ምን ይጎድለኛል? አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ!»

ጃርት ጥቂት ቆሞ ተመለሰ። አህዪት ቤቷ ገብታ በገዛ ራሷ ተናደደች። ንዴት ግን ኔትወርክ አያመጣም።

ይህን ሁሉ ቀበሮ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ ይሰማ ነበር። እሱ ከጃርት ዋይፋይ ለማግኘት ስንት ጊዜ ለምኖ፣ ዶሮ ሌባ ነህ ተብሎ የተባረረ ነው። ፈጠን ብሎ ወደ አህዪት ቤት መጣ።

«እመት አህዪት፣ ምነው ከሳሽ?» አላት አዝኖ። ማዘን ሲያስፈልግ እንደ ቀበሮ የሚያዝን የለም።

ያጠራቀመችውን ጭንቀት ሁሉ ዘረገፈችለት። ቀበሮም ራሱን ነቀነቀ።

«ሳትጠይቂው እንኳን ቀረሽ። እንዲህ ያለ ነገር አጥር ላይ ቆመው ይጠይቃሉ? ዋይፋይ እኮ የቤት ገመና ነው! ሽማግሌ ላኪ።»

«ሽማግሌ? እንደ ጋብቻ?»

«ከጋብቻ በምን ያንሳል? ጃርት ክብር ይወዳል። በሽማግሌ የተጠየቀ እንደሆነ እምቢ ማለት ያፍራል። እኔ አለሁ፤ አያ ጅቦን ይዤ እሄዳለሁ።»

አህዪት የጅብ ስም ሲጠራ ጆሮዋ ቆመ። በአያ አንበሶ ሕግ በዚያ መንደር ጎረቤት ጎረቤቱን መብላት ክልክል ነው። ጅብም ሕጉን ያከብራል፣ በተለይ ፀሐይ ሳለ። ቢሆንም ጅብን ለሽማግሌነት መላክ ከበዳት። ነገር ግን ራሷ ከመጠየቅ ቀለላት። እንዲህ ነው ይሉኝታ፤ ጅብን ከጃርት ያስመርጣል።

ሽማግሌዎቹ ነጭ ጋቢ ተከናንበው፣ ዘንግ ይዘው ከጃርት ደጅ ቆሙ። ቀበሮ ጅብን አስጠንቅቆታል፦ «ዝም በል፤ ክብደት ይኑርህ፤ ተቀመጡ ብንባልም ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

ጃርት ወጣና «ምነው በደህና? ግቡ፣ ተቀመጡ» አላቸው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም!» አለ ቀበሮ።

ጅብ ግን ተቀምጦ ጉድጓዱን እያሸተተ ነበር። ቀበሮ በዘንጉ ጎሸም አደረገው፤ ተነሣ።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ስለ ጉርብትና፣ ስለ አባቶች፣ ስለ ፍቅር ረዥም ንግግር አደረገ። መጨረሻ ላይ አህዪት የልጇን ወሬ እስክትሰማ ዋይፋዩን እንዲያጋራት ለመነ።

ጃርት «ለዚህ ነው ሽማግሌ የተላከብኝ?» አለ፤ ድምፁ የተከፋ ነበር። «ይህን ያህል ክፉ መስያታለሁ? ፓስወርዱ ‹እሾህ በእሾህ› ነው፤ አድርሱላት። ለእሷ ብቻ ነው ግን። መስመሩ ቀጭን ነው፣ ብዙ አፍ አይችልም።»

መንገድ ላይ ቀበሮ ጅብን ጥግ አስያዘው። «አያ ጅቦ፣ ለማንም ካልተናገርክ አንተም በስልክህ የልኳንዳ ቤት ቪዲዮ ታያለህ። የሽንጥ፣ የታላቅ፣ የጎድን! ፓስወርዱን ብቻ እንዳትረሳው።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። እንዳይረሳውም «እሾህ በእሾህ፣ እሾህ በእሾህ» እያለ በአህዪት ደጅ አለፈ። እሷ ከበር ቆማ እየጠበቀች ነበርና ሰማችው። ሽምግልና ተረት አስለመደው መሰለኝ፣ ብላ አለፈችው።

«ምን አለ? ሰጠ?» አለችው ቀበሮን።

«ላስብበት ብሏል።»

«እስከ መቼ?»

«ምን ያስቸኩልሻል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ደግሞ ራስሽ ሄደሽ እንዳትነካኪው! ሽማግሌ ተልኮ ሳለ ባለጉዳይ ከመጣ ንቀት ነው ብሎ እሾሁን ነው የሚተክልብሽ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

አህዪትም ዝም አለች። ቀበሮ በየቀኑ «ነገ» ይላታል፤ ነጋ ስትለው ደግሞ «ነገ» ይላታል። ከአጥሩ ጀርባ ተጋድሞ በጃርት ዋይፋይ የዶሮ እርባታዎችን አጥር ያጠናል። ጅብ ከወዲያ ጥግ ስጋ ሲቆረጥ እያየ የስልኩን መስተዋት ይልሳል። አህዪት ብቻ በመሐል፣ ዝናቡን እያየች፣ ከቤት ወደ አጥር፣ ከአጥር ወደ ቤት ትመላለሳለች። በሕልሟ ቡሌ ይጠራታል፤ ልትመልስለት ስትል ድምፅ አይወጣትም።

አንድ ቀን ከቆላ የመጣች እርግብ ዛፍ ላይ አርፋ ወሬ አወራች። ወንዙ ሞልቷል። ጨው ጫኞቹ ተበትነዋል። የተሻገረም አለ፣ ያልተሻገረም አለ።

«አንድ ቡላ ውርንጭላ አላየሽም?» ብላ ጮኸች አህዪት።

«ከላይ ሆኖ ማን ለይቶ ያያል፣ እናቴ» አለች እርግብ።

ከዚያ በኋላ አህዪት ማሰብ አልቻለችም። «ሽማግሌዎቼ የቁራ መልእክተኛ ሆነውብኛል፤ እሾሁን ይትከልብኝ!» ብላ ወጣች። ከጃርት ደጅ ደረሰች፤ በኮቴዋም በሩን መታች።

ጃርት እሾሁን አቁሞ ወጣ። «ደግሞ ምን ቀረሽ? ፓስወርዱን ከሰጠሁሽ ጀምሮ መስመሬን ጠጥተሽ ጨረስሽው! ለልጅሽ ወሬ የሰጠሁሽን ለመንደሩ ሁሉ አደልሽው መሰለኝ። ዛሬ ጠዋት ቀይሬዋለሁ።»

«ምኑን ሰጠኸኝ? አያ ጃርት፣ እኔ ላስብበት ብሏል ነው የተባልኩት። ልጄ ውሃ ወስዶት እንደሆነ አላውቅም!» አለች አህዪትና አለቀሰች።

ጃርት ግራ ገብቶት ሳለ ጅብ እየሮጠ መጣ፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል።

«አያ ጃርት! ምን ነካህ? ዋይፋዩ እኮ ጠፋ! ሽንጡ ተሰቅሎ፣ ቢላው ተስሎ፣ ሊቆረጥ ሲል ቀጥ አለ! አያ ቀበሮም ዶሮዎቹ ጠፉብኝ እያለ ነው። ‹እሾህ በእሾህ› ስንለው እምቢ ይላል!»

አህዪት ያ የጅብ «ተረት» ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። ከአጥሩ ጀርባ ቀበሮ ጅራቱን እግሮቹ መሐል አስገብቶ ሲሸሽ ታየ። ጅብ ግን ምን እንዳጠፋ ስላልገባው፣ ዋይፋዩ እስኪመለስ እዚያው ተቀመጠ።

ጃርት እሾሁ አንድ በአንድ ተኛ። የአህዪትን ስልክ ተቀብሎ አዲሱን ፓስወርድ አስገባላት። ስልኩ ጥቂት አሰበና ተንጫጫ። የቡሌ መልእክቶች ተደራርበው መጡ።

«እማዬ፣ ወንዙ ሞላ። ጫኞቹ ቀድመውኝ ተሻገሩ።»

«እግሬን ድንጋይ መታኝ። ወንዙ መሐል ከፍ ያለ አሸዋ ላይ ነኝ፤ አይዞሽ።»

«ዳር ላይ ግመሎች ሰፍረዋል። ትልልቅ ናቸው፣ ሊያሻግሩኝ ይችላሉ። ግን አላውቃቸውም፤ አንቺም ሌላውን ማስቸገር ነውር ነው ብለሽኛል። ምን ላድርግ?»

«እማዬ፣ መልሽልኝ እንጂ።»

የመጨረሻው በዚያው ጠዋት የተላከ ነበር፦ «አሸዋው እያነሰ ነው። ግመሎቹ ሊሄዱ እየጫኑ ነው። ተቆጥተሽኝ ነው?»

አህዪት በኮቴዋ አንድ ቃል ጻፈች፦ «አስቸግራቸው!»

መልእክቱ አልሄደም። ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል። ጃርት ወደ ጉድጓዱ ዘልቆ፣ በመስመሩ ላይ ያለውን የራሱን ነገር ሁሉ አጠፋና ተመለሰ። ክቡ አሁንም ይዞራል። ጅብ እንኳ አፉን ከፍቶ ያይ ነበር። በመጨረሻ መልእክቱ ሄደ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ዝናቡ አቆመ፤ ማንም አላስተዋለውም። አህዪት ስልኩ ላይ አፈጠጠች። ጃርት ለማጽናናት ሊጠጋት ይልና እሾሁን አስቦ ይመለሳል። ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘነብል ስልኩ ጮኸ።

«እማዬ፣ ተሻገርኩ! ጨዉ ሟሟ፣ እግሬም ክፉኛ አብጧል፣ ግን ዳር ላይ ነኝ። ጮኼ ስጠራቸው ግመሎቹ ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹ስናይህ ሰነበትን። ምነው አትጠራንም? ኩሩ መስለኸን ተውንህ› አሉኝ።»

አህዪት አንብባ ለጃርት አሳየችው። ጃርትም አነበበ።

«እኔም እኮ በአጥሩ ቀዳዳ የመጣሁት እንድትጠይቂኝ ብዬ ነበር» አላት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ እመት አህዪት።»

ቡሌ ከወራት በኋላ ወደ መንደሩ ተመለሰ፤ ከግመሎቹ ጋር ነበር። ያ እግሩ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ዛሬም ሲሄድ ያነክሳል። እናቱ ማንከሱን ባየች ቁጥር አይኗን ትሰብራለች። ቀበሮ ከዚያ ወዲህ ጋቢ ለብሶ ቢመጣ በር የሚከፍትለት የለም። ጅብስ? ጅብ ያ ሽንጥ መጨረሻው ምን እንደሆነ እስካሁን ይጠይቃል።

ከዚህ የምንማረው፣ የጎረቤት በር እስኪያንኳኩት ድረስ ዝግ መስሎ እንደሚኖርና፣ የጨነቀው ሰው በይሉኝታ ታስሮ በሰው አፍ ከሚለምን በራሱ እግር ሄዶ በራሱ አንደበት ቢጠይቅ እንደሚሻለው ነው።