ጥላ የማይጥለው መብራት

ገና ሳልጀምረው የሚደክመኝ ወሬ ይኸውላችሁ። ቁጭ ብላችሁ ስሙት። የወሬው ባለቤት ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሲዞር ስለሚውል ቢያንስ እናንተ ተቀመጡ።

ጋሽ ዘውገ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። የሚሠራው አውቶሞቢል ገብቶበት በማያውቀው የቤቱ ጋራዥ ውስጥ ነው። እጁ ደህና ነው፣ ዓይኑ ግን ደክሟል። ከጣሪያው የተንጠለጠለችው አንዲት አምፖል ከኋላው ስለምታበራ፣ ካቻቢቴውን ባነሳ ቁጥር የገዛ እጁ ጥላ ሥራው ላይ ያርፋል። በመርፌ ተወግቶ ተወግቶ ጣቱ አብጧል። ሚስቱ አስካለ ይህን አይታ አይታ መረራት።

«ዘውገ፣ በቃህ» አለችው። «ባለ ባጃጁ ጎረቤታችን ጋራዡን አከራዩኝ እያለ ነው። እስከ መስቀል ደህና መብራት ካላመጣህ እሰጠዋለሁ። ስትወጋ ማየት ሰልችቶኛል።»

መስቀል ከነገ ወዲያ ነበር። ጋሽ ዘውገ ፈራ። ጋራዡ ከሄደ ቀኑን የት እንደሚያውለው አያውቅም። በር ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚ ሲያይ መዋል ሊሆን ነው።

የፈለገው ነገር ትንሽ ነበር። የከተማው ሆስፒታል አዲስ የኦፕራሲዮን መብራት መጥቶለት አሮጌውን መጋዘን ከትቶታል። መብራቱ ክብ ነው፣ ብዙ አምፖሎች አሉት፣ ከየአቅጣጫው ስለሚያበራ የሐኪሙ እጅ ጥላ አይጥልም። አስተዳዳሪውም «ከፈለጉት ይውሰዱት» ብለውታል። እንግዲህ መውሰድ ብቻ ነው የቀረው። «ብቻ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ።

ወደ መጋዘኑ ሄደ። የመጋዘኗ ሠራተኛ ጥሩነሽ ቁልፎቿን እያንሿሿች ወጣች።

«መብራቱማ አለ ጋሽ ዘውገ፣ ግን አሮጌ አልጋ ተቆልሎበታል። በያጁ ሙክታር አልጋዎቹን ለበር መሥሪያ እወስዳለሁ ብሎ ቀረ። እሱን ይዘውልኝ ይምጡ።»

ጋሽ ዘውገ ወደ ሙክታር ብየዳ ቤት ሄደ።

«ሙክታር ልጄ፣ አልጋውን አንሳ! አልጋው ካልተነሳ መብራቱ አይወጣ፣ መብራቱ ካልወጣ ጋራዤን አጣሁ!»

ሙክታር የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። «በምን ላንሳው ጋሼ? በጀርባዬ? ባለ ጋሪው ጉደታ መጣሁ መጣሁ እያለ ቀረብኝ።»

ጉደታ የሚገኘው ከወንዙ ማዶ ነው። ፀሐይዋ ትፋጃለች፣ መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ ጉልበቱ ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ እያጉረመረመ ነው። ሄደ።

«ጉደታ፣ ጋሪህን አምጣ! ጋሪው ካልመጣ አልጋው አይነሳ፣ አልጋው ካልተነሳ መብራቱ አይወጣ፣ መብራቱ ካልወጣ ጋራዤን አጣሁ!»

«ጋሪውማ ይኸው ቆሟል» አለ ጉደታ። «እምቢ ያለው ፈረሱ ነው። አንገቱን ይዩልኝ እስቲ።»

የፈረሱ አንገት ተልጦ ቀልቷል። አንገቱ ላይ የሚታሰርለት የቆዳ ትራስ ተቀዶ ጭዱ ወጥቷል። ጋሽ ዘውገ ሊቆጣ መጥቶ ነበር፣ ፈረሱን ሲያይ ግን ቁጣው ጠፋበት። ሁለቱም እኩል ደክመው ተያዩ።

«እንዲህ ሆኖ ብጠምደው ግፍ ነው» አለ ጉደታ። «ትራሱን እትዬ ብርቄ ጋ ለስፌት ሰጥቼ ነበር፣ ሳትሰፋው መለሰችልኝ። እርስዎን እሺ ትል ይሆናል፣ ይውሰዱላት።»

ጋሽ ዘውገ ትራሱን በብብቱ ይዞ ወደ ገበያው ዳር ተመለሰ። እትዬ ብርቄ ጆንያ፣ ሸራና ቆዳ የምትሰፋ፣ ምላሷም እንደ መርፌዋ የምትወጋ ሴት ናት። ደጇ ላይ ደርሶ ትንፋሹን እንኳ ሳይሰበስብ ጀመረ።

«ብርቄ፣ ይህን ትራስ ስፊ! ትራሱ ካልተሰፋ ፈረሱ አይጎትት፣ ፈረሱ ካልጎተተ ጋሪው አይመጣ፣ ጋሪው ካልመጣ አልጋው አይነሳ፣ አልጋው ካልተነሳ መብራቱ አይወጣ፣ መብራቱ ካልወጣ ጋራዤን አጣሁ!»

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«በምን ልስፋው? በጥርሴ? መኪናዬ ከተበላሸች ክረምቱ አለፈ። ጠጋኝ ቤት ነው ያለችው። በሄድኩ ቁጥር ‹ነገ› ይለኛል። ‹ደህና መብራት እስካገኝ ታገሺኝ› ይለኛል።»

«ምን ዓይነቱ ሰነፍ ነው?» አለ ጋሽ ዘውገ ከልቡ ተናዶ። «ቤቱ የት ነው? አሁኑኑ ሄጄ ልኩን እነግረዋለሁ!»

እትዬ ብርቄ አየችው። አየችው፣ አየችውና «ሂድ ንገረዋ» አለችው። «ሚስቱ አስካለ ትባላለች።»

ጋሽ ዘውገ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገባ። ከሸራው ሥር ከተደረደሩት መኪናዎች መካከል የብርቄ መኪና አቧራ ጠጥታ ተቀምጣለች። እሱም አጠገቧ መሬት ላይ ተዘረፈጠ።

«አስካለ፣ መኪናዋ ካልተጠገነች ትራሱ አይሰፋ፣ ትራሱ ካልተሰፋ ፈረሱ አይጎትት፣ ፈረሱ ካልጎተተ ጋሪው አይመጣ፣ ጋሪው ካልመጣ አልጋው አይነሳ፣ አልጋው ካልተነሳ መብራቱ አይወጣ፣ መብራቱ ካልወጣ ደግሞ መኪናዋ አትጠገን። ደከመኝ። ጋራዡን ስጪው።»

ይህን ቃል ስትጠብቀው የኖረችው አስካለ፣ ሲመጣላት አልወደደችውም። እንዲህ ተዘርፍጦ ስታየው ሆዷ ባባ። ወደ ጓዳ ገባችና የቁም ሳጥኑን መስተዋት ነቅላ አመጣች።

«መኪናዋን በሩ ላይ አውጣት» አለችው።

የፀሐይዋ ብርሃን በአንድ በኩል መኪናዋ ላይ አረፈ። አስካለም ከመስተዋቱ ላይ እየመለሰች በሌላ በኩል አበራችለት። የእጁ ጥላ ሳሳ።

«ዝቅ አድርጊው። ትንሽ ወደ ቀኝ።»

«እጄ ዛለ ዘውገ።»

«አይዞሽ፣ አየሁት!» ድሮ የተበጠሰ ክር ከታች ያለውን ጥርስ አንቆት ኖሯል። ጎልጉሎ አወጣው፣ ዘይት ጠብ አደረገባት፣ መኪናዋም ዞረች።

አስካለ መስተዋቱን ስታስቀምጥ የክፈፉ ስንጥር አውራ ጣቷን ወጋት። ጋሽ ዘውገ ጣቷን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ አራቀ፣ ምንም አልታየውም።

«ተወው» አለች። «መብራትህ ሲመጣ ታወጣልኛለህ።»

ከዚያ በኋላማ ምን አለ! መኪናዋ ዞረችና ትራሱ ተሰፋ፣ ትራሱ ተሰፋና ፈረሱ በማግስቱ ጎተተ፣ ፈረሱ ጎተተና ጋሪው መጣ፣ ጋሪው መጣና አልጋው ተነሳ፣ አልጋው ተነሳና መብራቱ ወጣ። በአልጋዎቹ ጫፍ ላይ ተጭኖ፣ አቧራውን እያራገፈ ጋራዡ ደጃፍ ደረሰ።

ጋሽ ዘውገ መብራቱን ከጣሪያው ወራጅ ላይ በሰንሰለት ሰቀለው። የተቃጠሉትን አምፖሎች በከባድ መኪና የፊት መብራት አምፖል ተካ። ሙክታር የሰጠውን ሁለት የከባድ መኪና ባትሪ አያይዞ አበራው። እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ገለበጠው፣ መለሰው። ጥላ የለም።

ተራ የሚጠብቁትን የስፌት መኪናዎች በክንዱ ወደ ዳር ገፋና «አስካለ፣ እጅሽን አምጪ» አለ።

ስንጥሩ ቁልጭ ብሎ ታየው። በወረንጦ ቀስ አድርጎ አወጣው። ስንጥሩ ከወጣ በኋላም እጇን አልለቀቀውም። ይህን ያህል መሸብሸቡን እስከ ዛሬ አላየም ነበር።

«ባለ ባጃጁ መጥቶ ነበር» አለች አስካለ።

«ምን አልሽው?»

«ኦፕራሲዮን ክፍል ነው፣ ባጃጅ አይገባበትም አልኩት።»

እኔም ወሬዬን እዚያው ወራጅ ላይ ሰቅዬ መጣሁ። የፈለገ ያብራው፣ እኔ ልረፍ።