የፊታውራሪ ሁለተኛ ዓይን

ይህን ያወሩልኝ አጎቴ ናቸው፤ ለእሳቸውም ያወራላቸው ሌላ ሰው ነው። በመካከል የተጨመረ ካለ አለቃ ምናሴ አይቀየሙም፤ እሳቸውም ሲያወሩ ሳይጨምሩ አይሆንላቸውም ነበር።

አለቃ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲስሉ ኖረው፣ በሽምግልናቸው የዘይት ቀለም ልማር ብለው ከአንድ አርመናዊ ሠዓሊ ዘንድ ገቡ። ወደው አይደለም። ፊታውራሪ አንዳርጌ አዲስ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው፣ «መልኬን በዘይት ቀለም አሳምሮ የሳለ ግድግዳውን ይስላል፤ ያበላሸ ይገረፋል» ብለው ነበር።

መምህሩ ሙሴ ጋራቤድ መስተዋት ሰጥቷቸው፣ «መጀመሪያ ራስዎን ይሳሉ» አላቸው። ሳሉ። ጎረቤታቸው አይቶ፣ «አለቃ፣ ይኼ እኮ እርስዎን አይመስልም» ቢላቸው፣

«ተመስገን! እኔን ቢመስል ማን ይሰቅለዋል?» አሉ።

የለመዱት ቀለም ቶሎ ይደርቃል፤ የዘይቱ ግን ሰነባብቶ ነው። አለቃ ግድግዳ የተደገፉ መስሏቸው ያንኑ ሥዕል ተደግፈው ሲያንቀላፉ፣ መልካቸው ነጭ ጋቢያቸው ላይ ታተመ። ሳያዩት ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። አንዲት ባልቴት ከኋላ መጥታ ተሳለመችው። ቄሱ ደንግጠው፣ «አለቃ፣ ጀርባዎ ላይ ያለው ማን ነው?» ቢሏቸው፣

«ፊቴ ነው አባ። ከፊት ያየው ሁሉ ሲሸሽበት ወደ ኋላ ዞረ።»

የፊታውራሪ ቀን ደረሰ። መምህሩ፣ «ለጀማሪ ከጎን ይቀላል» ስላላቸው ከጎን ሳሏቸው። በአገራችን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ሰይጣንና ይሁዳ በአንድ ዓይን እንደሚሳሉ ሕፃን እንኳ ያውቃል። አለቃ ግን ትዝ ያላቸው ፊታውራሪ ሥዕሉ ፊት ቆመው ፊታቸው ሲጠቁር ነው።

«አንተ ምናሴ! እኔን ከሰይጣን ጋር ደመርከኝ? ሁለተኛው ዓይኔ የት ሄደ?»

ጅራፍ የያዘው አሽከር እጅጌውን ሰበሰበ። አለቃ ቶሎ ብለው ወደ ሥዕሉ ጠቆሙ።

«ጌታዬ፣ አንዱን ዓይን ብቻ እንዲህ ካበላሸሁት፣ ሁለቱንም ብስል ምን ሊውጠኝ ነበር?»

ፊታውራሪ ሥዕሉን ዳግመኛ አዩት። ዓይኒቱ እውነትም ጆሮ ውስጥ ልትገባ ምንም አልቀራት። ሳቃቸው አመለጣቸው።

«በል ግድግዳውን ሳል፤ በለመድከው ቀለም ግን። እኔን ከግርጌው ከነሁለት ዓይኔ አድርገኝ። የሳለው እንዲታወቅ ራስህንም ጨምር። ለመሆኑ አንተ በአንድ ዓይን ነህ በሁለት?»

«እኔስ ከጀርባ ነው ጌታዬ፤ ጅራፉ ስለማረው ከገላዬ ያማረው እሱ ብቻ ነው!»