ስንት እንደሚይዝ ያልታወቀው ቅል

አንድ ሰው ነበረ። ንብ አናቢ ነው፤ ቀፎው ብዙ፣ ንግግሩ ጥቂት። ሚስቱ ደግሞ ጠጅ በመጣል በአካባቢው ሁሉ የታወቀች ነበረች።

ቆይ ድርብወርቅ፣ ደብተርሽን አትዝጊው። ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «የኔታ፣ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት አድርጌ እደምረዋለሁ? በቁጥር መሀል ፊደል ምን ይሠራል?» ነው ያልሽኝ። የጠየቅሽው ደህና ነገር ነው፤ ያኮረፍሽው ግን በከንቱ ነው። መልሱ እዚህ ሰውዬ ቤት ስላለ ዝም ብለሽ ተከተይኝ።

ሴትየዋ የምትሰፍርበት አንድ ትልቅ ቅል ነበራት። ለአንድ እንስራ ጠጅ በዚያ ቅል አንድ ማር፣ በዚያው ቅል ሦስት ውሃ ትሰፍራለች። በላዩ ላይ አንድ ጣሳ የቆየ ጠጅ ትጨምርበታለች፤ ጌሾውን ደግሞ በጊዜው። ከዚህ ዝንፍ ብላ አታውቅም። እንዴት እንደምትጥለው ለጠየቃት ሁሉ ይህንኑ ትናገራለች። ሰዎች ግን አንድ የደበቀችው ነገር ያለ ይመስላቸው ነበር። ጥሩ ነገር ስንቀምስ ምስጢር አለው ማለት እንወዳለና።

ሴትየዋ ታመመች፤ መትረፍም አልቻለችም። ልትሞት ስትል ባሏን አንድ ነገር ለመነችው።

«ልጄ ስትዳር በሠርጓ ቀን የሚቀዳው የእኔ ጠጅ ይሁን። አንተ ጣልላት። ስጥል ስታየኝ ኖረሃል» አለችው።

«ቃሌ ነው» አላት።

ሁለት ዓመት አለፈና ልጅቱ ታጨች። ሠርጉ ሁለት ወር ሲቀረው ሰውዬው ቅሉን ከተሰቀለበት አውርዶ ሊያጥበው ወደ ምንጭ ወረደ። እዚያ ድንጋይ አዳለጠውና ወደቀ። የቅሉ አንገት ተገነጠለ፤ አንድ ጎኑም ተፈረካከሰ። የተረፈው ከወገቡ በታች ያለው ብቻ ነበር። ሰውዬው ጭቃው ላይ እንደተቀመጠ አለቀሰ። ሚስቱ በተቀበረችበት ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ስሚ። መጀመሪያ ስብርባሪውን ሰብስቦ በሰም አጣበቀው። ውሃ ሲሞላበት በአምስት ቦታ አፈሰሰ። ቀጥሎ ቤት ለቤት እየዞረ «የባለቤቴ ቅል ስንት ጣሳ ይይዝ ነበር?» እያለ ጠየቀ። አንዲት ጎረቤት አራት አለችው። ሌላዋ ማርያምን ብላ ምላ ስድስት አለችው። የሚስቱ ወንድም ደግሞ «አምስት ነው! የገዛ እህቴን ቅል እኔ ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ ነው?» ብሎ ተቆጣ። ሰውዬው ማንን እንደሚያምን ግራ ገባው።

ጊዜው ሲሄድበት ደግሞ ተጣደፈ። ማሩን በጣሳ፣ ውሃውን በማሰሮ ሰፈረና አንድ እንስራ ጣለ። አንድ ማር፣ ሦስት ውሃ፤ ቁጥሩን አልሳተም። ከቀናት በኋላ ቢቀምሰው ውሃ ውሃ አለው። ጓሮ ወስዶ ደፋው።

ሠርጉ አንድ ወር ሲቀረው ልጁን ጠራት።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አላት። «የእናትሽን ጠጅ ልጥልልሽ አልቻልኩም። ቅሉ ስንት ይይዝ እንደነበር የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ ይዛው ሄደች። ሠርጉን በጠላ እንወጣዋለን።»

ስባሪውን አባቷ በእናቷ ነጠላ ጠቅልሎ ጥግ አስቀምጦት ነበር። ልጅቱ ሄዳ ፈታችውና በእጇ አገላበጠችው።

«እማዬ ስንት እንደሚይዝ መች ታውቅ ነበር አባዬ?» አለችው። «መሙላቱን ታያለች እንጂ አንድም ቀን በጣሳ ስትለካው አላየኋትም።»

ይህን ብላ በሰም የተጣበቀውን ስብርባሪ አላቀቀችና የቀረውን ግማሽ ቅል ማር ሞልታ እንስራው ውስጥ ገለበጠችው። ከዚያ አጥባ በዚያው ግማሽ ቅል ሦስት ጊዜ ውሃ ጨመረች። አባትየው አላስችል አለው።

«ኧረ ይሄ እኮ ግማሽ ነው!»

«ማሩም በዚሁ፣ ውሃውም በዚሁ ነው አባዬ።»

«ታዲያ ጣሳውስ ይገመሳ?»

«ጣሳው ምን አደረገ? ያልተሰበረውን ተወው» አለችውና አንድ ጣሳ የቆየ ጠጅ ጨመረችበት።

እንስራው እንደ ድሮው አልሞላም። ስለዚህ ከጎረቤት ሌላ እንስራ እየተዋሱ በየእንስራው እንደዚያው አደረጉ። ጌሾው በጊዜው ገባ፤ ጠጁም በጊዜው ደረሰ። በሠርጉ ዕለት ያ «አምስት ነው» ብሎ የተቆጣው አጎት አንድ ብርሌ ተቀዳለት። ጎንጨት አለ። ደግሞ ጎነጨ። «እህቴን አመጣችሁልኝ» አለ፤ ፊቱንም በጋቢው ሸፈነ። አባትየውም ቃሉ ከአንገቱ ላይ ሲወርድለት ተሰማው።

እንግዲህ ድርብወርቅ፣ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩልሽ ኤክስ ያ ቅል ነው። ኤክስ የሚለው ስም ከከበደሽ «ቅ» በይው፤ ቅሉ የሚይዘው የጣሳ ብዛት ማለት ነው። ማሩ ቅ ነው። ውሃው ሦስት ቅ ነው። ሲቀላቀሉ አራት ቅ ይሆናሉ፤ በላዩ አንድ ጣሳ ሲጨመርበት «አራት ቅ ሲደመር አንድ» እንለዋለን። አየሽ፣ ቅ ስንት እንደሆነ ሳናውቅ ደመርን። ቅሉ አጎትየው እንዳለው አምስት ጣሳ ይዞ ከነበረ እንስራው ውስጥ ሃያ አንድ ጣሳ ነበር። ግማሹ ሁለት ጣሳ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ዘጠኝ ነው። ቅ በተቀያየረ ቁጥር ድምሩ ይቀያየራል፤ ያቺ የመጨረሻዋ አንድ ግን ከቅሉ ጋር አትሰፋም፣ አትጠብም።

አባትየው ደፍቶት የመጣውን እንስራም አትርሺ። ማሩን በአንድ ቅ፣ ውሃውን በሌላ ቅ ሰፍሮ ነው የተበላሸበት። ቅ የፈለገውን ያህል ትሁን፤ በአንድ ሥራ ውስጥ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያችው አንዷ መሆን አለባት።

አንቺም እንደ ሰውዬው ሆነሽብኛል። እሱ ስንት ጣሳ እንደሆነ እስኪያውቅ ማሩን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ቤት ለቤት ዞረ፤ አንቺ ደግሞ ደብተርሽን ልትዘጊ ነበር። ሴትየዋ ለልጇ የተወችላት «አንድ ማር፣ ሦስት ውሃ፣ አንድ ጣሳ» የሚለውን ነው። ይህ ደግሞ ከቅሉ ጋር አልተሰበረም።

በይ እርሳስሽን አንሺና ጻፊ፤ አራት ቅ ሲደመር አንድ። ቅ ስንት ነው ብለሽ ግን እንዳትጠይቂኝ። እኔም አላውቀውም።