ወይራው ሥር የሚያስቀድሰው

አንድ ጠላ ወዳድ ገበሬ ነበር። ራሱን እንደ በደለኛ ስለሚቆጥር እሑድ እሑድ የሚያስቀድሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ወይራ ሥር ቆሞ ነው። የሰንበቴው ጠላ ሲቀዳ ግን ማንም አይቀድመውም።

ባላምባራስ ይርዳው ደግሞ ሁልጊዜ የሚቆሙት ከሁሉ ፊት፣ ከመጋረጃው አጠገብ ነው። በዚያ ሰሞን የአንዲት መበለት ድንበር ገፍተው ማረሳቸውን አገር ሁሉ ያውቃል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ለሰንበቴው እንደተቀመጠ ባላምባራስ ተነሡና፣

«አንተ! ከውጭ የሚያስቆምህን ኃጢአት አሁን እዚሁ ተናገር። አለዚያ ከሰንበቴው ትወጣለህ!» አሉት።

ሰውዬው ከሰንበቴ ከሚወጣ አንዱ በሬው ቢሞት ይሻለዋል። ዋንጫውን አስቀምጦ ተነሣ።

«ጌታዬ፣ እኔማ ምን የሌለብኝ አለ! እሰክራለሁ፣ ሰው አማለሁ፣ ቅዳሴ ላይም ቆሜ እንቅልፍ ይወስደኛል። ወይራው ሥር ስቆም ይኼ ሁሉ ይታየኝና አለቅሳለሁ። አንድ ቀን ግን ደፍሬ ወደ ውስጥ ገባሁ። እርስዎን ከፊት ቆመው ሳይ ኃጢአቴ ሁሉ ጠፋብኝ፤ ጻድቅ የሆንኩ መሰለኝ። በትዕቢት ከምኮነን ብዬ ወደ ወይራዬ ተመለስኩ።»